ስለ እሽቅድምድም ፈረስ ግምገማ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለድርጅቱ የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የፈረሱን ሰኮና ሳያዩ የተጻፈ የግምገማ ሪፖርትን ይመለከታል

እኔና ሁለት ወዳጆቼ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በላውረል ፓርክ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ የሚሮጥ የሦስት ዓመት ዳማ ፈረስ በጋራ ከመግዛታችን በፊት፣ አሯሯጡን፣ ዘሩንና የሰኮናውን ጤንነት መርምራችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁን ሙሉ ክፍያ ፈጽመን ነበር። የግዢ ውሳኔያችንም የተመሠረተው በአማርኛ አዘጋጅታችሁ በሰጣችሁን ሪፖርት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ፈረሱ በእጃችን ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ልምምዱን ሳይጨርስ የግራ የፊት እግሩን ያነክስ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሟ የሰኮናውን ብረት አስወልቀው ሲመረምሩ፣ ከፀጉሩ ድንበር ጀምሮ በሰኮናው ጎን ቁልቁል የወረደ፣ በሙጫ ተሞልቶ በጥቁር ቅባት የተሸፈነ የቆየ ስንጥቅ አገኙ።

ሪፖርታችሁ ስለዚህ የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አራቱም እግሮች ጤናማ መሆናቸውን ይገልጻል። ከሪፖርቱ ጋር ባያያዛችኋቸው ፎቶግራፎች ላይ ፈረሱ የቆመው በወፍራም ጭድ ውስጥ ስለሆነ ሰኮናው በከፊል አይታይም፤ የሚታየው ክፍልም ቅባት ተቀብቷል። ከፈረስ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ መሆኑን፣ የሰኮና ግድግዳም በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ እንዲህ ያለው ስንጥቅ አድጎ እስኪወጣ ብዙ ወራት እንደሚፈጅ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢግ ብራውን የተባለው ፈረስ የኬንታኪ ደርቢና የፕሪክነስ ውድድሮችን አሸንፎ ለቤልሞንት ውድድር ሲዘጋጅ አሠልጣኞቹን ያስጨነቃቸው ይህን መሰል የሰኮና ስንጥቅ ነበር። እግሩን አንስቶ የታችኛውን ክፍል ያላየ፣ ተረከዙን በእጁ ያልዳሰሰ፣ ፈረሱን በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያላስኬደ ሰው «ጤናማ ነው» ብሎ ሊፈርም አይገባውም።

ስለ ዘሩ ደግሞ ፈረሱ በአባቱ በኩል ከኖርዘርን ዳንሰር ስለሚወለድ ረጅም ርቀት እንደሚችል ጽፋችኋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የኬንታኪ ደርቢን በ2 ደቂቃ የጨረሰው የዚህ ድንጉላ ዝርያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ እጅግ ስለተስፋፋ፣ ስሙን ብቻ መጥራት አንዱን ፈረስ ከሌላው አይለይም። ከገዛ ልጆቹ እንኳ የሳድለርስ ዌልስ ዘር በረጅም ርቀት፣ የዳንዚግ ዘር ደግሞ በፍጥነት ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ቅር የሚያሰኘኝ ስለ እናቱ ባዝራ አንድም ቃል አለመጻፋችሁ ነው፤ የዘሩ እኩሌታ ከእርሷ የተገኘ ነውና።

አሯሯጡን በተመለከተ፣ «ከኋላ ተነስቶ የሚቀድም» ያላችሁት በአንድ ውድድር ላይ ተመሥርታችሁ ነው። በዚያ ውድድር ከመነሻው በር ዘግይቶ ወጥቷል፤ ፊት የነበሩትም ከአቅማቸው በላይ ሮጠው መጨረሻው ላይ ደክመው ነበር። ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1973 በኬንታኪ ደርቢ ከመጨረሻዎቹ ተነስቶ ሲያሸንፍ፣ በቤልሞንት ግን ከጅምሩ ፊት ሆኖ በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሟል። የአንድ ቀን ሩጫ የፈረስን ጠባይ አይወስንም።

በዚህም ምክንያት የግምገማው ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልን፣ ፈረሱን በአካል ተገኝቶ የመረመረ ሰው ካለ ማንነቱና የመረመረበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ የተሳሳተው ሪፖርትም ለሌላ ገዢ እንዳይሰጥ እንድታነሱት እጠይቃለሁ። ፈረሱ አሁን ከጋጡ አይወጣም፤ ሕመሙ ሳይባባስበት አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል የነበረ ነገር በመሆኑ በእጅጉ አዝኛለሁ። የሐኪሟን የምርመራ ውጤትና የስንጥቁን ፎቶግራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ምላሻችሁንም በ14 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትልኩልኝ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከፈረሱ የጋራ ባለቤቶች አንዱ