የተዘጉትንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስታርትአፕ በጻፋችሁ ቁጥር የማየው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ትልቅ የካርቶን ቼክ፣ ከኋላው የሚስቁ ልጆች። እኛም አንዴ እንደዛ ቆመን ተነስተናል። ድርጅታችን ከተዘጋ ግን ዓመት አለፈው፣ ምን ነካችሁ ብሎ የደወለ ጋዜጠኛ የለም።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መዝገብ አፕ ሠራን። ስምንት ወር በር ዘግተን ኮድ ስንጽፍ አንድም ቀን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለን አላየንም፤ ዳቦ በዱቤ እየተላክን ያደግን ልጆች! ጥናት አላደረጉም እንዳንባል መጠይቅ በቴሌግራም በትነናል። የሞሉት ጓደኞቻችን ናቸው፣ ሁሉም «አሪፍ ነው» አሉ።

አፑን መጀመሪያ ያሳየሁት የሰፈራችንን ባለሱቅ ነው። ጋሼ ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄን ገቢዎች ያየዋል?» አሉኝ። አያይም አልኳቸው። ሳቅ ብለው ከባንኮኒው ስር ደብተራቸውን አወጡ፤ ጥግ ጥጉ በዘይት የወዛ፣ ባለ 50 ሉክ። የሰው ስም የለበትም። «ቀይ በር»፣ «የነርሷ እናት»፣ «ኮንዶሚኒየም 4ኛ»። የከፈለ ይሰረዛል፣ ያልከፈለ ገጹ ይታጠፋል። የኛ አፕ ደግሞ ሙሉ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ካልገባለት አልመዘግብም የሚል ነው። የታክሲ መጥሪያው ራይድ እንኳ አፕ ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና ይጠራ ነበር።

የድርጅቱን ድርሻ ለሦስት እኩል ተካፈልን፤ አንዱ ቢወጣስ የሚል መስመር ግን አልጻፍንም። በጓደኛ መሀል ውል ማንሳት አለመተማመን መስሎን ነው። አንዱ ዲቪ ደርሶት ሄደ፣ ድርሻው እንዳለ ቀረ። ገንዘብ ሊያስገባ የመጣ ሰው ይሄን ሲሰማ «አሜሪካ ላለ ሰው ነው እንዴ የምሠራው?» ብሎ ተመለሰ። ከልጁ ጋር አሁን ለበዓል ብቻ ነው የምንደዋወለው።

አፑ የሚሠራበትን ሰርቨር የተከራየነው በዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በሱ ማሳበብ ደስ ይለኛል፣ ግን እኛ ቀድሞውንም ታመን ነበር።

እና እባካችሁ፣ ለተዘጉትም አንድ ዓምድ ስጡ። ከኔ መጀመር ትችላላችሁ።

ጋሼ አሁንም በደብተራቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት የኔን ገጽ አየሁት። «ኮምፒውተሩ ልጅ፣ 340 ብር» ይላል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ