ሳትመዘግቢ አታንሺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም ደኅና ነን። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድምሽ በቀደም የላክሽለትን ፎቶግራፍ አሳየን። የልጅ ልጄ ጭቃ በለበሰ እጇ የሸክላ ፒፓ (የትንባሆ ማጨሻ) ስባሪ ይዛ ስትስቅ ባየሁ ጊዜ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ዓይኔ ከኋላዋ ባለው ጉድጓድ ላይ ዐረፈ። ጠርዙ ተጠማዝዟል፤ በአጠገቡ የተዘረጋ ሜትር የለም፤ ገሉም፣ አጥንቱም፣ የጠርሙስ ስባሪውም፣ ሚስማሩም በአንድ ባልዲ ውስጥ ተከምሯል። እዚያ እንግሊዝ አገር ከጎረቤቶችሽ ጋር ተባብራችሁ በየጓሮአችሁ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ልትጀምሩ መሆኑን በነገርሽኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስታዬ አልቀነሰም። ነገር ግን ልጄ፣ ሳትመዘግቢ ምንም ነገር ከመሬት አታንሺ። ይህንኑ ቃል በዚህ ደብዳቤ ደጋግሜ ስለምልሽ ታገሺኝ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ናቸው፤ አንቺ አንብበው ብለሽ በላክሽልኝ ነገር ላይ እኔም የራሴን ንባብ ጨምሬበታለሁ።

እናንተ ያሰባችሁት ሥራ ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የጥንት መንደሮችን የሚያጠኑ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲቆፍሩ የኖሩት ነዋሪዎቹ የለቀቋቸውን መንደሮች ነበር። በዮርክሸር የሚገኘውን ዋራም ፐርሲን ሞሪስ ቤረስፎርድና ጆን ኸርስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው እየተመላለሱ ቆፍረውታል፤ የሣር ሜዳ ሆኖ ስለ ቀረ አካፋ የሚከለክል ቤትም አጥርም አልነበረበትም። ሰው ሳይለቀው እስከ ዛሬ የሚኖርበት መንደር ግን ታሪኩ ከቤት፣ ከመንገድና ከአትክልት በታች ተኝቶ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ ሳይጠና ቀረ። ባዶውን እያጠኑ የሞላውን መተው ለእኔ ሁልጊዜም የሚገርመኝ ነገር ነው። ካሬንዛ ሉዊስ የተባለችው አርኪዮሎጂስት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከ2005 ጀምሮ ተማሪዎችንና የመንደር ነዋሪዎችን አሰልፋ በሰዎች ጓሮ ውስጥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ የሙከራ ጉድጓዶች ማስቆፈር የጀመረችው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ2016 ይፋ በሆነው ጥናቷ በምሥራቅ እንግሊዝ ወደ 2,000 ከሚጠጉ ጉድጓዶች የተሰበሰበው ገል ሲቆጠር፣ በ1348 እንግሊዝ ከገባው፣ ጥቁር ሞት ከሚባለው ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ባሉት ዘመናት የሸክላው መጠን ከበፊቱ በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሕዝቡ ማለቅ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በየሰዉ ደጅ፣ ከአበባው መደብ ሥር ታየ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ሳነብ ቀያሽነቴ ተነሣብኝና እንዴት እንደ ተገኘ አሰላሰልሁት። ከእነዚያ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ለብቻቸው ሲታዩ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልሰጡም፤ ሦስት አራት የማያምር ገል ብቻ ሊሆን ይችላል። ባዶ የሆነውም ጉድጓድ ባዶነቱ ተመዝግቦ ከድምሩ ገብቷል። የትኛው ገል ከየትኛው ጓሮ፣ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደ ወጣ በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይነት መንገድ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው የደከመው አፈር ለማገላበጥ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ሳትመዘግቢ አታንሺ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚቀጥለውን ጉድጓድ ከመጀመርሽ በፊት አራት ካስማ ተክለሽ፣ ገመድ ወጥረሽ፣ ሰያፉን ለኪ፤ የአንድ ሜትር ካሬ ሰያፍ 1 ሜትር ከ41 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ማዕዘንሽ ቀጥ አላለም። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ካስማ ርቀት ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ለኪ፤ ከአንድ ማዕዘን ብቻ የተለካ ነጥብ ቦታው አይታወቅም። ሣሩን ከነሥሩ ቆርጠሽ በአወጣጡ ቅደም ተከተል ላስቲክ ላይ ደርድሪው። ከዚያ ዐሥር ዐሥር ሴንቲ ሜትር እየቀነስሽ ውረጂ፤ የእያንዳንዱ ዐሥር ሴንቲ ሜትር አፈር ለብቻው በወንፊት ይነፋ፣ ግኝቱም የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀቱ በማይለቅ ቀለም በተጻፈበት በራሱ ከረጢት ይግባ። የአፈሩ ቀለም ድንገት ከተለወጠ ዐሥር ሴንቲ ሜትሩ እስኪሞላ አትጠብቂ፤ ቁሚና አዲስ ከረጢት ጀምሪ። ገሉን በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው፤ ብረቱን ግን ውኃ አታስነኪው። እርጥብ ነገር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አይቀመጥም። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግድግዳው ሊናድ ይችላልና ማንም ሰው፣ በተለይ ልጅቷ፣ እንዳትገባበት። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን ካርታ ሳታዪ ደግሞ አካፋ አታንሺ።

በፎቶግራፉ የሚታየው ባልዲ ምን ይሁን ብለሽ እንደምትጠይቂኝ ዐውቃለሁ። አትጣዪው። ግን ደግሞ ከግምትሽ ተነሥተሽ ይህ ከሠላሳ፣ ያ ከሃምሳ ሴንቲ ሜትር ነው ብለሽ አትደልድዪው። በአንድ ከረጢት ከትተሽ «ጉድጓድ 1፣ ጥልቀቱ ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊበት። የማይታወቀውን አይታወቅም ብሎ መጻፍ ራሱ መዝገብ ነው፤ በግምት የተሞላ መዝገብ ግን ጎረቤቶችሽ በጥንቃቄ የሠሩትንም አብሮ ያበላሻል። አዲሱንም ጉድጓድ ከዚያኛው ራቅ አድርገሽ ጀምሪ፤ ያንን ለማስተካከል ብለሽ አታስፊው።

የአያትሽን ገንቦ ታስታውሻለሽ፤ ያቺን አንገተ ሰባራዋን፣ ከደጃፉ ጥግ የነበረችውን። የተገኘችው አባቴ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነው፤ እኔ ልጅ ነበርሁና አፈር አመላልስ ነበር። ሠራተኛው ሳያያት ዶማውን አሳረፈባት። በዙሪያዋ አመድና ከሰል ነበር፤ የከሰለ እህል የሚመስል ጥቁር ፍሬም ነበረበት። ሁሉም ገንቦዋን ሊያይ ሲከባት እኔ አመዱን ከነከሰሉ ተሸክሜ ወስጄ ከአጥሩ ሥር ደፋሁት፤ የታዘዝሁት አፈር እንዳመላልስ ነበርና። ከብዙ ዘመን በኋላ በሙያው የሠለጠነ አንድ እንግዳ ቤታችን መጥቶ ገንቦዋን አገላብጦ አየና አባቴን ከየት እንደ ወጣች ጠየቀው። አባቴ ወደ ዋርካው አቅጣጫ አሳየው። ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነበረች ብሎ ሲደግም ደግሞ አባቴ ትንሽ አሰበና ወደ በረቱ በኩል አሳየው። አብሯት ምን ነበር ሲል ምንም አልነበረም አለው። እኔ ከሰሉን ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን አባቴ ከተናገረ በኋላ በእንግዳ ፊት ማረም በእኛ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። እንግዳው ገንቦዋን በአክብሮት ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ማስታወሻ ደብተሩን ግን አልከፈተም። ያ ሳይከፈት የቀረ ደብተር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ከሰል ጥቂት ፍሬ ቢቀር ኖሮ በካርቦን 14 ልኬት እሳቱ የነደደበት ዘመን ሊታወቅ ይችል ነበር። ሕይወቴን ሙሉ የሰውን መሬት ስለካ ኖርሁ፤ የአባቴ ጉድጓድ ግን የት ላይ እንደ ነበረ ዛሬ በካርታ ላይ ማሳየት አልችልም። የድንበር ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተነቀለ በኋላ ምንም ቢያምር ድንበር አይመሰክርም፤ ገንቦዋም እንደዚያው ሆነች። አንቺ ገና ፊደል ሳትቆጥሪ «የት ነው የወጣችው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከቤታችን ሰው ያንን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህም ነው ባልዲውን ሳይ ያዘንሁት፤ ሳትመዘግቢ አታንሺ የምልሽ ጠያቂዋ ራስሽ ስለሆንሽ ነው።

ፒፓው ልጅቷን ደስ ማሰኘቱ መልካም ነው፤ አንቺ ግን ብዙ አትደነቂበት። በዚያ አገር ጓሮ ውስጥ የሸክላ ፒፓ ስባሪ በየቦታው ይገኛል። ጥቅሙ ዘመን መናገሩ ነው፤ ትንባሆ ውድ በነበረበት በመጀመሪያው ዘመን የተሠሩት ትንባሆ የሚሞላበት ጽዋቸው ትንንሽ ነበር፣ ኋላ እየሰፋ ሄደ። ያም ሆኖ ፒፓው ከታች ስለ ተገኘ ብቻ በዙሪያው ያለው አፈር ሁሉ የእሱ ዘመን ነው ማለት አይደለም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በ1881 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው የምድር ትሎች ከሥር አፈር እያወጡ ላይ ስለሚያፈሱ መሬት ላይ የወደቀ ነገር ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ፍልፈሉም፣ የዛፍ ሥሩም፣ ድንች የተከለው ባለቤትም የድርሻቸውን ያቀላቅላሉ። አንድ የአፈር ንጣፍ የተደላደለበትን ዘመን የምትገምቺው በውስጡ ካሉት ነገሮች እጅግ አዲስ በሆነው ነው። ባማረው ወይም ባረጀው አትገምቺ፤ ጎረቤቶችሽ በዚህ ሊከራከሩሽ ይችላሉ፣ አንቺ ግን አትሸነፊ። ደግሞም ጠርዙ ተፍቆ የደቀቀ ጥቂት ገል ከፍግ ጋር ወደ እርሻ የተበተነ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙ ስል የሆነ ብዙ ገል ግን ሰው እዚያው አጠገብ ይኖር እንደ ነበር ያመለክታል። ስለዚህ የገሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን መጠኑንና የጠርዙን ሁኔታም ጻፊ።

ስለ ሕጉም ቸል እንዳትዪ። ቦታው በ1979ኙ ሕግ የተመዘገበ ጥንታዊ ቅርስ ከሆነ በራስሽ ጓሮም ቢሆን ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው፤ አስቀድመሽ አጣሪ። የሰው አጥንት የሚመስል ካየሽ እዚያው ቁሚ፣ ሸፍኚው፣ ለፖሊስ አስታውቂ። ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ወርቅ ወይም ብር የተቀላቀለበት ጌጥ ወይም ዕቃ ከወጣ ደግሞ በ1996ቱ የውድ ግኝቶች ሕግ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ሹም መነገር አለበት፤ በየአካባቢው ያለው የግኝቶች መዝጋቢ ባለሙያ መንገዱን ያሳይሻል። እንዲህ ያለ ነገር ባየሽ ጊዜ እጅሽን ሰብስቢ። በ1992 በሰፎክ፣ ሆክስን በተባለ ስፍራ ኤሪክ ሎውስ የተባለ ሰው ወዳጁ እርሻ ላይ የጣለውን መዶሻ በብረት መፈለጊያ ሲያስስ ከሮማውያን ዘመን የተቀበረ ሀብት አገኘ። ጥቂቱን ካወጣ በኋላ ሥራውን አቁሞ አስታወቀ፤ ባለሙያዎችም መጥተው ቀሪውን እንደ ተቀመጠ አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጋው ሳንቲምና የወርቅና የብሩ ዕቃ በምን ዓይነት ሣጥን፣ በምን አኳኋን ተደርድሮ እንደ ተቀበረ ሊታወቅ የቻለው ሰውየው በመታገሡ ነው። መዶሻውም ከሀብቱ ጋር ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል፤ ይህን ለእናትሽ ባነበብሁላት ጊዜ ከወርቁ ይልቅ ያስደነቃት የመዶሻው ዕድል ነው።

በተረፈ የጎረቤት ጓሮ ከመግባታችሁ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የወጣው ነገር የማን እንደሚሆንና የት እንደሚቀመጥም ከቁፋሮው በፊት ተስማሙ፣ ከተገኘ በኋላ ጠብ ነው። ልጅቷ ጓንት ታድርግ፤ የቲታነስ ክትባቷንም አስመርምሪላት። እናትሽ ጭቃውን አይታ ሌሊቱን አልተኛችም። ቁፋሮው ሲያልቅ ጉድጓዱን መልሳችሁ ሙሉ፣ ሣሩንም በነበረበት መልሱ። ደክሞሽ፣ ዝናብም መጥቶ፣ ጎረቤቶችሽም ቶሎ እንጨርስ ሲሉሽ እንኳ ልጄ፣ ሳትመዘግቢ አታንሺ።

የሁለተኛውን ጉድጓድ የአራቱን ካስማዎች ርቀት ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ለክተሽ በሴንቲ ሜትር ላኪልኝ፤ የቤቱን ርዝመትና ስፋት፣ ሰሜኑ ወዴት እንደሆነም ጨምሪ። የጎረቤቶችሽንም በተመሳሳይ መንገድ ካሰባሰብሽልኝ የመንደሩን ጉድጓዶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አነሣላችኋለሁ። የሥዕል ጠረጴዛዬን ወንድምሽ ከመጋዘን አውጥቶ አጽድቶልኛል፤ እርሳሱንም ቀርጬ እየጠበቅሁ ነው።

የሚወድሽ አባትሽ