ሚጡን ቤት ነው የማስተምራት

ለኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ድሮ የደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን እንዲህ ነበር የምንጀምረው፣ ትዝ ይልሻል? ያኔ ናፍቆቱ ለማርክ ነበር። አሁን የምር ነው።

ከተነጋገርን ዓመት ሊሞላን አንድ ወር ቀረው። ከደሴ ኮምቦልቻ እኮ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ጉሙ ውስጥ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሐረጎን ወርጄ፣ ሹራቤን አውልቄ ቤትሽ መድረስ እችል ነበር። ስልክሽ ሲጠራ እያየሁ ያላነሳሁበት ቀንም አለ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ፈርቼሽ ነው።

ሚጡን ከኬጂ አስወጥቻታለሁ። ቤት ነው የማስተምራት። አንቺ ደግሞ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነሽ። «ልጅ የሚማረው ከልጅ ነው» ስትይ ስንቴ ሰምቼሻለሁ። ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነብኝ። ባለፈው ሳምንት እህትሽን ሰኞ ገበያ አገኘኋት። «ሚጡ ትምህርት እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው፣ ክፍሏን ወዳዋለች» አልኳት። ሽንኩርት እየመረጥኩ፣ ዓይኗን ሳላይ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሷ ሰምተሽ በውሸት ደስ ከሚልሽ፣ ከኔ ሰምተሽ ብትቆጪ ይሻለኛል።

ደግሞ ሚጡ ላይ አንቺም ድርሻ አለሽ። ጥቅምት 2014 አዝያት ከደሴ ስንወጣ ያደርነው አንቺ ቤት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያቀፍሻት አንቺ ነሽ። እሱን አልረሳሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መስከረም ኬጂ አስገባናት። አራት ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም ተይው፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ሕፃን ታጉሯል። ማታ ማታ የቤት ሥራ ይመጣል፦ ሁለት ገጽ ሙሉ ኤ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ቢ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እያለቀሰች ትጽፋለች። አንዳንዴ እኔ እጨርስላት ነበር። በግራ እጄ፣ እንዳይታወቅብኝ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የቆረጠልኝ የካቲት ላይ ነው። አንድ ቀን ልወስዳት ስሄድ ሱሪዋ ርሷል። «ለምን ለቲቸር አልነገርሽም?» አልኳት። «ረሳሁት» አለች። ምኑን? «ሜይ አይ ጎ አውት» የሚለውን። ለካ በእንግሊዝኛ ካልጠየቁ አይወጡም። እስኪ አስቢው፣ የአራት ዓመት ልጅ ሽንቷን ይዛ ዓረፍተ ነገር ስትፈልግ። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ቀሚሴም ራሰ። ቤት እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

አባቷ «ቢያንስ ዓመቱን ትጨርስ» አለ። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። ያስታረቀን ሒሳቡ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለን። ካልሆነልን፣ በሚቀጥለው መስከረም ጸጉሯን ሠርተን እንመልሳታለን ተባባልን።

አጀማመሬን ብታዪ ግን በሳቅ ትሞቻለሽ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ትምህርት ቤት መክፈት ነው! ስፌት መኪናዬ ያለችበት ክፍል ውስጥ፣ ፒያሳ የገዛሁትን የፊደል ገበታ ለጠፍኩ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሰሌዳ አዘጋጀሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቁጭ። እረፍት 4 ሰዓት። የቀረኝ ደወል ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ሥር ገብታ አልወጣም አለች። እኔም የሰው ልብስ ቀጠሮ አልፎብኛል፣ ባለቤቷ በር ላይ ቆማ ትጮኽብኛለች። እናትና ልጅ፣ እሷ ከጠረጴዛ ሥር እኔ ከጠረጴዛ በላይ፣ አለቀስን።

ጠረጴዛውን ለጎረቤት አዋስኩት። ሁለት ሳምንት ምንም አላስተማርኳትም። ስሰፋ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ የቁልፍ ቆርቆሮዬን ዘርግፋ በቀለም በቀለም ትለያለች። እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር የታዘብኩት። ሀ ሁ ሂ ብላ ከጀመረች ገበታውን እንደ ዘፈን ታንቆረቁረዋለች። ታዲያ አንድ ቀን ሱቅ ስንሄድ ታፔላው ላይ «ዳቦ» የሚለውን አሳየኋት። ዳን አታውቀውም! ደ፣ ዱ፣ ዲ ብላ ከሥሩ ካልተነሳች አትደርስበትም። ቦ ላይማ ጭራሽ በ ራሱ ጠፍቶባት ከገበታው መጀመሪያ ፍለጋ ገባች። ያ ሁሉ ክፍያ ዜማ ነው የገዛልኝ።

ይህን ለግቢያችን ሽማግሌ አጫወትኳቸው። ታውቂያቸዋለሽ፣ ጋቢ የማይለያቸው። በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረዋል። ሳቁብኝ። «አቡጊዳ ታዲያ ለምን የተሠራ መሰለሽ?» አሉኝ። እኔ አቡጊዳን ስሙን እንጂ ሥራውን አላውቅም ነበር። አንቺ ታውቂው ይሆናል፣ ግን ደስ ስላለኝ ልንገርሽ። ልጁ ሀሁን ቆጥሮ ሲጨርስ ሌላ ገበታ ይሰጠዋል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ተራ ብቻ ነው የማይፈርሰው። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ይጋለጣል። በስንደዶ እየጠቆመ፣ እያንዳንዱን ማየት አለበት። ይህን ያሰበው ሰው ልጅ አሳድጎ መሆን አለበት።

የጎን ጎረቤታችን እናት ደግሞ ቡና ላይ ሰምተውን «እኛም ቁርአን ቤት ሉሁ ላይ፣ የእንጨት ሰሌዳው ላይ፣ የተጻፈልንን ሳናስረክብ አናጥበውም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አብሽሪ፣ ትለምደዋለች» አሉኝ። በረካው ሲቀዳ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የማን አስተማሪ የበለጠ ይገርፍ እንደነበር ክርክር ገጠሙ። የኔታ አሸነፉ።

እኔ አቡጊዳውን እንዳለ አልወሰድኩትም፣ ለሷ ገና ነው። ሐሳቡን ግን ሰረቅሁ። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ 231 ነገር ተራራ ነው፣ ጦሳን በይው። ግን ብዙው የሚደጋገም ምልክት ነው። ለ፣ በ፣ ሰ እና ከን ብቻ ይዘን ጀመርን። ካዕቡ ከወገቡ እጁን ይዘረጋል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልሱ እግሩን ይዘረጋል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። «ቀለበት ካደረገ አግብቷል ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ኃምስ የሚባል ነገር የለም፣ «ያገባው» ነው። ሳድስ ላይ ደንቡ ይፈርሳል፣ እሱን መሸምደድ ነው። ረ እና ፈ ደግሞ ለማንም የማይገዙ ናቸው፣ ወደ መጨረሻ ገፋኋቸው።

«ሰ ለምን ሁለት ሆነ?» ስትለኝ አባቴ ያስተማረኝን ነገርኳት፦ ይኼኛው እሳቱ ሰ፣ ያኛው ንጉሡ ሠ። ሠን ትንሽ አየችና «ዘውዱ ይኸው» አለች። በቃ፣ እሳቱ ሰ ከሥራ ወጣ። ሳሙናም ሱሪም በንጉሡ ሆነ።

ትምህርታችን ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሠላሳ ደቂቃ! ስታዛጋ ከዚያም በፊት አቆማለሁ። ይህን ለሰው ስናገር አፍሬ «ሁለት ሰዓት» እላለሁ። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሌላው ሁሉ ከሥራዬ ጋር የሚሄድ ነው። ቁጥር የተማረችው በስፌት ሜትሬ ነው፣ እስከ 150 አለበት። ወገብ ስለካ ቁጥሩን የምታነብልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ሜትሩን ገልብጣ ይዛው 66ን 99 አለችኝ። ደንበኛዬ ልትመታት ነበር። ለመጻፊያ የጨርቅ ጠመኔና ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኋት፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። ግን ጨርቅ ላይ መጻፍ እንደሚቻል ያስተማርኳት እኔ ነኝ አይደል? ለሠርግ የሚሰፋ ነጭ ጨርቅ ላይ በእስክሪብቶ «ለ» ጽፋ ጠበቀችኝ። ያምራል፣ እግሮቹ እኩል ናቸው። የጨርቁን ዋጋ ከፍዬ የሷን «ለ» ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንግሊዝኛ አልጀመርንም። እኛ ጋ አንደኛ ክፍል በአማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያኔ ይመጣል። የምታውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሻንጉሊቷን ግድግዳ ታስደግፍና «በይ ጠይቂ» ትላታለች። ስታበቃ ራሷ «ሜይ አይ ጎ አውት» ትልና አሻንጉሊቷን ተሸክማ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች።

አሁን ያንቺን ነገር ላምጣው። ልጅ የሚማረው ከልጅ ነው ያልሽው ልክ ነው። የግቢው ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪመጡ 9 ሰዓት ላይ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አንጀቴን ትበላኛለች። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ደግሞ ተራ መጠበቅ አትችልም። ቤት ውስጥ ተራው ሁሌ የሷ ነዋ! ትናንት መስመር ረግጠሻል ሲሏት ጠጠሩን ወርውራ ገባች። እዚህ ላይ መላ አላገኘሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት የጎረቤት ልጆች እየሰበሰብኩ ተረት አወራላቸዋለሁ፣ እርሳስ በተራ ይጠቀማሉ። ግን አይበቃም፣ አውቃለሁ።

እርሳስ አያያዟም አላማረኝም። በጡጫዋ ነው የምትጨብጠው። ላርማት ወይስ ልተዋት? መስከረም ላይ ክፍልሽ የሚገቡት ልጆች ብዙ ጊዜ ምን ይጎድላቸዋል? ፊደል ነው? ወይስ መቀመጥ፣ መስማት፣ ጫማ ማሰር ነው? ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። ሰው ሁሉ ወይ ያሞግሰኛል ወይ አብዳለች ይለኛል። አንቺ ልጅቷን አይተሽ ንገሪኝ።

ለዚህ ነው የሚመጣው ቅዳሜ መምጣት የፈለግነው። የአንደኛ ክፍሉን የአማርኛ መጽሐፍ አውጥተሽ ጠብቂኝ፣ አንዴ ላገላብጠው። ልትቆጪኝ ከሆነም ቡና አፍልተሽ ቁጭ አድርገሽ ተቆጪኝ፣ በስልክ አይሁን። አትምጪ እንዳልሽኝ የምቆጥረው ስልክ ስደውል ካላነሳሽ ነው። ብታደርጊውም የሥራዬን ነው።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለእህትሽም ዋሽቼሻለሁ ብላለች በያት።

ሚጡ «እኔም ልጻፍ» ብላ ከጀርባው የራሷን ጽፋልሻለች። የምንሄደው እኛ ነን ብላት አልሰማችኝም። አላረምኩትም፦

«አክሥቴ ነይ»

ያችው ጓደኛሽ፣ ከደሴ