አባዬ፣ የሐሙስ ማታውን ልንገርህ

ጅማ፣ ሚያዝያ 2017

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ደብዳቤ ነውና አንቱ ልበልህ ብዬ ጀምሬ ነበር። ሁለት መስመር ሳልሄድ ተደናቀፍኩ፣ የለመድነው ይሻላል። ስልክ ስደውል "ደህና ነኝ፣ ሒሳብሽ እንዳያልቅ" እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው መጻፌ። ወንድሜ አትሞ ይሰጥሃል። መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው፣ እሱ እንዳያነብልህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው፣ ከዚያ ደግሞ "መልሱልኝ፣ ለአባባ ላሳየው" ብሎ ሲያለቅስ ዋለ። ትንሿ ያለ ጋቢህ አትተኛም፤ ልጠበው ስል እንኳ ትጮሃለች። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። የሰርቪሱ ጣሪያ ስላፈሰሰ ሁለት ቆርቆሮ አስቀየርኩ። ተከራዩ የመጋቢትን አሁንም አልከፈለም። አንተ ብትኖር ዝም ትለው ነበር፣ እኔ ግን ዝም አልለውም።

እሺ፣ ወደ ሐሙስ።

ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ግቢ አለ። መሃሉ ላይ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፣ ዙሪያውን በርጩማ፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። ቡና አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ ሌላ ብዙ ነገር የለም። ወገቤን ያመኛል፣ ግን ከጥር ወዲህ አንድም ሐሙስ አልቀረሁም። ለባሌ መጀመሪያ "ዕቁብ አለኝ" ብዬው ነበር። አሁን አውቋል፣ ይስቅብኛል።

ሐሙስ ማታ የሚመጡት የዘፈን ደራሲዎች ናቸው። ሦስት አራት ሰው መሃል ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ዘፈኑ እንዴት እንደመጣለት ያወራና በክራር ወይም በጊታር ይጫወተዋል፣ ከዚያ ተራው ለሚቀጥለው ይሆናል። ባለቤቱ ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ነው። ናሽቪል የምትባል ከተማ ውስጥ ብሉበርድ የሚባል ካፌ አለ አሉ፣ በፈረንጆቹ 1982 የተከፈተ፣ 90 ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ። እዚያ ዘፈን ጸሐፊዎች እንዲህ በክብ ተቀምጠው የገዛ ሥራቸውን ይጫወታሉ፣ የሚያወራ ሰው ካለ "እሽሽ" ይባላል። እኛ ጋ እሽሽ የሚለው ባለቤቱ ራሱ ነው። አንዴ ለእኔም ደርሶኛል።

ግንባር ላይ ብር መለጠፍም የለም! መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነጋዴ ሞቅ ብሎት ባለ 200 ብሩን ይዞ ተነሣ። ባለቤቱ እጁን ያዘና በሩ አጠገብ ያለውን ሙዳይ አሳየው። ሰውዬው ተኮሳትሮ ከተተ፣ በኋላ ግን እሱም ደንበኛ ሆነ።

አንድ ባለ ባጃጅ አለ፣ በኦሮምኛ ነው የሚጽፈው። አንዱን ዘፈኑን ዓሊ ቢራ በ2015 ያረፈ ሰሞን ከባጃጁ ሳልወርድ ያወጣሁት ነው ብሎ ተጫወተው። ኦሮምኛው ላይ አንተ ትሻለኛለህ፣ ግማሹ አምልጦኛል፣ ግን አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል፣ ማለቴ ያምራል። ማይክ የለ፣ ስፒከር የለ፣ ሁሉም ወደ ፊት ጠጋ ይላል። ድምፃቸው ብዙም አይደለም። አንዱ እንደውም ሲዘፍን ያሳል። ግን ቃሉን የጻፈው ሰው ሲለው ሌላ ነው፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወሰድ ያውቃል።

በመጨረሻው ዙር እያንዳንዳቸው "ምነው እኔ በጻፍኩት" የሚሉትን የሌላ ሰው ዘፈን ይጫወታሉ። ያለፈው ሐሙስ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክራሩን በአምባሰል ቃኘና ጀመረ። በመጀመሪያዋ ስንኝ ነው ያወቅኩት። ያንተው ነው አባዬ። የሚዛኑ።

ሲጨርስ ባለቤቱ "ግጥምና ዜማው የማን ነው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ "የዘፋኙ መሰለኝ፣ ከአባቴ ካሴት ላይ ነው የለቀምኩት" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ስኒዬን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልኩ።

የካሴቱ ልባስ ላይ "ግጥምና ዜማ" ከሚለው ጎን የማን ስም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምታስቀምጠው። ዘፋኙ 200 ብር ሰጥቶህ ስምህን ጭምር ይዞ ሄደ። አንተም አንድ ቀን እንኳ ስሙን በክፉ አላነሣህም። ያንን ዝምታህን ልጅ ሆኜ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር።

ለምን አልተናገርኩም? ሁለት ሌሊት ሳብሰለስለው አደርኩ። እውነቱን ልንገርህ? ደብተሬ ነው ትዝ ያለኝ።

1995፣ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር፣ ውስጡ 22 ዘፈን። ዛሬ ባየው ሃያውን ራሴ እቀደው ይሆናል። አንተ ግን ሳትነግረኝ ከሰል ማያያዣ አደረግከው። "ግጥም ቢያበላ እኔ በበላሁ" አልክና በዚያው ምድጃ ቡና ተፈላ። ፈርተህልኝ ነው፣ አውቃለሁ። እማዬም ኋላ ነግራኛለች። ግን በኔ ደብተር የተፈላውን ቡና እስከ ሦስተኛው ጠጣህ አባዬ። በረካውን እንኳ አልተውክም።

በዓመቱ፣ በ1996፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ይህንንም ያወቅኩት እዚያው ግቢ ነው፣ አንድ ጠበቃ ለደራሲዎቹ ሲያስረዳ። ሥራውን የሸጠ ሰው እንኳ ደራሲው እኔ ነኝ የማለት መብቱ አብሮ አይሸጥም አለ። ገንዘብ ነኩ መብት ደግሞ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ያንተ ካሴት ከአዋጁ በፊት የወጣ ስለሆነ እንዴት እንደሚታይ ገና አልጠየቅኩትም። ክስ አላሰብኩም፣ አትደንግጥ። ግን ያን ማታ አንድ ቃል ብተነፍስ ስምህ እዚያ ግቢ ውስጥ ይጠራ ነበር። እልህ ያዘኝ። "እሱስ የኔን መቼ አስጠራ" አልኩ በሆዴ። ሰባ ዓመት ያለፈውን አባቷን በስኒ ቡና የምትበቀል ልጅ ናት ያለችህ።

ሌላም አለ። ልጁ የዘፈነው ካሴቱ ላይ እንዳለው ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። እማዬ ጓዳ ስትሆን የምታንጎራጉረው ሦስተኛ ቤት ነበረው፣ ካሴቱ ላይ የሌለ። ዜማው ትዝ ሊለኝ ይልና ይጠፋል። መጨረሻው ላይ ከአምባሰል ወጥቶ ወደ ትዝታ ነበር የሚሄደው? ወይስ እማዬ ናት ያሳሳተችው? እሷን አልጠይቃት ነገር።

ማክሰኞ ነው አይደል ኦፕሬሽኑ። ወንድሜ "ቀላል ነው፣ እንቅርት ነው" ይለኛል። ሐኪሙን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ እንዳትቆጣ። ድምፅ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእጢው ጀርባ ነው የሚያልፈው አለኝ። አንዳንድ ሰው ድምፁ ይሻክራል፣ ለብዙዎቹ ይመለሳል አለ። "ለብዙዎቹ" የምትለዋን ከያዝኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የመጣልኝ ደግሞ ሌላ ሳይሆን ያ ሦስተኛ ቤት ነው። አፍሬያለሁ፣ ግን እሱ ነው የመጣልኝ።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት ቅዳልኝ። ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። የወንድሜ ስልክ ይበቃል፣ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፎ ያስቀምጠው። ማሳል ካለብህ አሳል። ክራር የለኝም እንዳትል፣ አንተ መቼ በክራር አወጣኸውና፣ ሚዛኑ ላይ ጆንያ እየጫንክ ነው ያወጣኸው።

ስምህን ሐሙስ ልናገር ወይ? እሺ ካላልክ አልናገርም። ለልጁ ብቻ እነግረዋለሁ፣ ለእሱስ ዝም ማለት አልችልም።

5 ኪሎ ቡና በነገው አውቶብስ እልካለሁ፣ ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ይቀበል። ከረጢቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሣጥኑን ሳጸዳ ያገኘሁት የመጋዘኑ የሚዛን ካርኒ ነው፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ። ሦስተኛው ቤት አራቱም ስንኝ አለ፣ የጠፋው ዜማው ነው። ቡናውን ከመቁላታቸው በፊት አውጣው፣ አደራ፣ ከሰል እንዳያያይዙበት።

ልጅህ