ሬዚደንቱ ኤሌክትሮዱን ራሱ ይለጥፍ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሕክምና ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ መሣሪያ ላይ ይወድቃል። ማሽን የለም፤ ካለም ተበላሽቷል፤ መለዋወጫው አልመጣም። እውነት ነው። በብሽሽት ደም ሥር ካቴተር አስገብቶ፣ ልብን ከውስጥ እየነካካ የምት መዛባት ምንጩን በቀለም ካርታ የሚያሳየው መሣሪያ ውድ ነው።

በማስተማር ላይ ያለሁ ሐኪም እንደመሆኔ የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። ሬዚደንቶቻችን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑት ሐኪሞች፣ የመጀመሪያውን የልብ ካርታ፣ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚሥለውን ኢሲጂን፣ ማንበብ ይማራሉ፤ ማንሣት ግን አይማሩም። ወረቀቱ ተነሥቶ ይመጣላቸዋል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። የደረት አጥንትን ከላይ ወደ ታች በጣት ሲዳስሱ እብጥ ያለች ጠርዝ ትገኛለች፤ ሁለተኛው ጎድን የሚጋጠመው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ነው። እየቆጠሩ ወርደው አራተኛው ክፍተት ላይ ሲደርሱ፣ ከደረት አጥንቱ በስተቀኝ ቪ1፣ በስተግራ ቪ2 የሚባሉት ኤሌክትሮዶች (የልብን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ የሚቀበሉ ልጥፎች) ይለጠፋሉ። የአሜሪካና የብሪታንያ የልብ ማኅበራት በደረት ላይ ስለሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች ቦታ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ዛሬም ቆጥሮ የሚለጥፍ ጥቂት ነው። በጥድፊያ፣ በሴት ታካሚ ጊዜ ደግሞ በሐፍረት፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ከፍ ብለው ያርፋሉ። ያን ጊዜ የሚወጣው ወረቀት ጤናማዋን ሴት ድሮ የልብ ጡንቻዋ የሞተ ሊያስመስላት ይችላል። የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ሲቀያየር ደግሞ ሊድ 1 የሚባለው የወረቀቱ መስመር ይገለበጣል፣ የላይኞቹን የልብ ክፍሎች የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳየው ፒ ሞገድም ሳይቀር። ሬዚደንቱ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቦታል፤ አልጋው አጠገብ ሲቆም ግን ገመዱን ትቶ ልቡን ይጠረጥራል።

ይህን ለማስተማር አንድ ማሽን፣ ወረቀትና ፈቃደኛ ባልደረባ ይበቃል። ሬዚደንቱ መጀመሪያ በትክክል ያንሣ። ቀጥሎ ቪ1ንና ቪ2ን ሁለት ክፍተት ከፍ አድርጎ፣ በመጨረሻም ቦታቸውን አስተካክሎ የእጅ ገመዶቹን ለዋውጦ ያንሣ፤ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ልዩነቱን ያስረዳ። አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም። ከዚያ ወደ ከበድ ያለው መሄድ ይቻላል፦ የቮልፍ ፓርኪንሰን ዋይት (ልብ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ይዞ የመወለድ ችግር) ታካሚ ኢሲጂ ሰጥቶ፣ ትርፉ መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ልብን ሥሎ ምልክት እንዲያደርግ ማዘዝ። በዚያ ትርፍ መንገድ ሳቢያ ኢሲጂው ላይ የሚታየው የዴልታ ሞገድ ቪ1 ላይ ሽቅብ ከሆነ መንገዱ በአብዛኛው በግራ ነው። ያን ውድ መሣሪያ የያዘ ሐኪም እንኳን ካቴተሩን ከማስገባቱ በፊት የሚነሣው ከዚሁ ግምት ነው።

ጥያቄዬ ሥርዓተ ትምህርት ለሚቀርጹት ነው። በሬዚደንቱ የልምምድ መዝገብ ውስጥ በገዛ እጁ ያነሣቸው ኢሲጂዎች ይግቡ። አይታ የምትፈርመውም ጎድን ቆጥራ የምትለጥፍ፣ ልምድ ያላት ነርስ ትሁን። ሐኪም በነርስ ይገመገማል ወይ ብለው ቅር የሚላቸው ባልደረቦች እንዳሉኝ ዐውቃለሁ። ቅር ይበላቸው።

ከአክብሮት ጋር
የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህር፣ አዲስ አበባ