ለልጄ፦ ሩብ ዙር ብቻ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ወገቧ ተሽሏታል። ሐኪሙ "ከባድ ነገር አታንሺ" ቢላትም ያው ታውቂያታለሽ።

አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። "ልጅቷ ጊታሩን ልትጨርሰው ነው፤ ከአልጋው ጋር በመጣች መፍቻ ሆዱ ውስጥ እጇን ከታ ታዞራለች" አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሷን እንዳትቆጫት፣ ላንቺ አስባ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። የአንገቱን ማስተካከያ ዳዶ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ እንዳታዞሪ። እስካሁን ስንት ዙር እንዳዞርሽም ንገሪኝ፤ አልቆጣም።

ቪዲዮ ላይ ያየሽው ሰውዬ "ወደ ቀኝ አጥብቁት" ብሏል አሉ። የሱ ጊታር ሕመም ሌላ ነው። የሱ ክሮች ከፍ ብለው ጣት የሚያሳምሙ ናቸው። ያንቺ ግን ከላይ፣ መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ፣ አንገቱን አቋርጠው የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ፣ ዝዝዝ ይላል። እንዲህ ሲሆን አንገቱ ከሚገባው በላይ ቀንቷል፣ ወይም ወደ ኋላ ተለምጧል ማለት ነው። እሱ ላይ ደግሞ ማጥበቅ ጭራሽ ያባብሰዋል። ያንቺ መላላት ነው ያለበት፤ ወደ ግራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ተቀብሯል፤ ትረስ ሮድ የሚሉት። ስድስቱ ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ በሚሆን ጉልበት አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል። ዘንጉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጫፉ ላይ ያለችውን ዳዶ ወደ ቀኝ ስታዞሪ ዘንጉ ይበረታል፣ ወደ ግራ ስታዞሪ ክሮቹ ይበረታሉ። አንገቱ ደግሞ ጭራሽ ቀጥ እንዲል አይፈለግም፤ ክር ሲመታ መሐሉ ላይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ካጣ ፍሬቱን ይመታል። ክራር ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

እዚህ እያለ ደህና የነበረው ጊታር እዚያ ምን ነካው? ማሞቂያው ነዋ! የሚኔሶታ ክረምት ቤቱን በማሞቂያ ያደርቀዋል፣ እንጨቱም ውኃውን ያጣል። አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የአኩስቲክ ጊታር ፊትም ይሰምጣል፣ ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ክፍልሽ ነው። የእርጥበት መለኪያ ግዢ፤ ውድ አይደለም። ከ45 እስከ 55 በመቶ ካሳየሽ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ስፖንጅ አርጥቢና ጥሩ አድርገሽ ጭመቂው። ጠብታ እንዳይቀርበት። ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ አድርገሽ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጪው፣ ጊታሩንም ስትጨርሺ ሁሌ ሳጥኑ ውስጥ መልሺው። ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ በተለይ ማሞቂያው አጠገብ። ሳምንት ጠብቂ። ምናልባት ዳዶውን መንካት ላያስፈልግሽ ይችላል።

ይሄን ነገር የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ ከእኔ በስተግራ የቆመውን ረጅሙን ሰው ታውቂዋለሽ። ሆቴል አብረን ስንሠራ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። መሣሪያው የሆቴሉ ነው። ያኔ የራሱ ጊታር ያለው ሙዚቀኛ ብርቅ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የሊድ ጊታሩ አንገት ወደ ፊት ጎበጠና ክሮቹ ከፍ አሉ። እሱ ደግሞ ችኩል ነው። እንግዳ ሊገባ ሰዓት ሲቀረው የጊታሩ ራስ ላይ ያለችውን የዳዶዋን ሽፋን ፈታና ማጥበቅ ጀመረ። አንድ ዙር ሙሉ። ጠጠረበት። እዚያ ላይ ማቆም ሲገባው ከጓዳ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አምጥቶ መፍቻው ላይ ሰካና ተጫነው። "ጧ!" አለ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ዘንጉ ከተበጠሰ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ያን ሌሊት በዚያው ጊታር እስኪነጋ ተጫወተ፤ ጣቶቹ ተልጠው ነበር። አንድ ሰው እንኳ አላወቀበትም። እንደዚያ ሌሊት ትዝታን ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም።

ባለቤቱ ዋጋውን ከደመወዙ ቆረጠበት። ከዓመት በኋላ በሱዳን በኩል ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። የሚቆጨኝ ጊታሩ አይደለም። አንድ ካሴት እንኳ አብረን ሳንቀዳ መቅረታችን ነው። ፎቶውን አሳይሻለሁ እንጂ እንዴት ይጫወት እንደነበር ላሰማሽ አልችልም። እናትሽ ትስቅብኛለች፤ ይሄን ሳወራ ሁሌ ሻይዬ ይቀዘቅዛል።

የት ደረስኩ? አዎ፣ ሩብ ዙር።

ሳምንት ጠብቀሽም ዝዝ ካለ እንዲህ አድርጊ። ጊታሩን በደንብ ቃኚ። ካፖውን፣ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ እሰሪ። ወፍራሙን ክር አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት 14ኛው ፍሬት ላይ ተጫኚ። አሁን ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሐል ያለውን ክፍተት እዪ። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል፤ ከስም ካርድ ውፍረት ትንሽ ያነሰ። የባንክ ካርድ በነፃነት ከገባ በዝቷል። ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ ጠፍቷል፤ ያኔ ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር ብቻ። መልሰሽ ቃኚ፣ እንደገና ለኪ፣ ከዚያ አሳድሪው። እንጨት ወዲያው አይታዘዝም።

የአልጋዋ መፍቻ አትሆንም። አጭር ናት፣ ልክም አይደለችም። በጊታሩ ልክ የሆነች ረጅም መፍቻ ግዢ። የኢንች መፍቻ ሚሊሜትር ዳዶ ላይ አትሞክሪ፤ ጥርሱ ከተበላ ማውጫ የለውም። ከጠጠረብሽ ተዪው። ስታዞሪው ምንም ሳይለወጥ በባዶ ከዞረም ተዪውና ለጊታር ሠሪ አሳዪው። ገንዘብ ካጠረሽ ለእኔ ንገሪኝ እንጂ ለአክስትሽ አትንገሪ።

ደግሞ የጊታር ጣጣ ሁሉ የዘንጉ አይደለም። ከ12ኛው ፍሬት በታች ወደ ሆዱ ሲሄድ ብቻ ዝዝ ካለ ዘንጉ አያድነውም። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ፍሬት ተነስቷል። ክሩን ሳትጫኚው ብቻ ከሆነ የጊታሩ ራስ ጋ ያለችው የክሮቹ የአጥንት መቀመጫ ተበልታለች። የጊብሰን ጊታር ፋብሪካው ታዴየስ ማክሂው ለዘንጉ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ማርቲንን ያህል የጊታር ፋብሪካ ግን የሚስተካከል ዘንግ ማስገባት የጀመረው በ1985 ነው። ያን ሁሉ ዘመን የማርቲን ተጫዋች ዳዶ ሳያዞር ተጫውቷል። ይሄን ያህል አያስቸኩልም ለማለት ነው።

እስከዚያው "እንዲያርፍ" ብለሽ ክሮቹን እንዳታላዪ። ወደ ኋላ የተለመጠ አንገት ክሩ ሲላላ ይብሳል።

ቅዳሜ በእናንተ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውዪልኝ፤ በእኛ ምሽት አሥራ ሁለት ይሆናል። አክስትሽ ስልኩን ትያዝልሽ፣ መብራት ወደ ቀዳዳው ታብራ። እኔ ሳላይ አታዙሪ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሰው ልካለች፣ ሰውየው ሲደውል ስልክ አንሺ። ጥቁሩን ካፖርትም ልበሺው እንጂ ቁም ሣጥን ውስጥ አይደር።

አባትሽ