ከታላቁ እርምጃ በፊት የተነገሩት

ለአዘጋጁ፦

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ስላረፈበት ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ነገር ግን እንደ ወትሮው የኒል አርምስትሮንግን «ለአንድ ሰው ትንሽ እርምጃ፣ ለሰው ልጅ ግን ታላቅ ዝላይ» ብቻ ጠቅሶ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ከዚያ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ የተነገረው ነው።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የማረፊያዋ መንኮራኩር «ኢግል» ወደ ጨረቃ ስትወርድ፣ ገና አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለች ኮምፒውተሯ «1202» የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየ። አርምስትሮንግ ትርጉሙ እንዲነገረው ሲጠይቅ፣ ያ ሁልጊዜ የረጋ ድምፁ ጥድፊያ ይሰማበታል። ሂውስተን ባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማንና የ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ኮምፒውተሩ ሥራ በዛበት እንጂ እንዳልተበላሸ በሰከንዶች ውስጥ ተረድተው ጉዞው እንዲቀጥል ፈቀዱ። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዕድሜ!

ቀጥሎ ነዳጁ ሊሟጠጥ ተቃረበ። ከመንኮራኩሯ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ቻርሊ ዱክ ከምድር ሆኖ ነዳጁ የሚያቆየውን ጊዜ እየቆጠረ «60 ሰከንድ»፣ ከዚያም «30 ሰከንድ» ይላል። በመጨረሻ አርምስትሮንግ «ኢግል አርፋለች» ሲል፣ ዱክ ምላሱ እየተሳሰረ፣ ትንፋሽ አጥተው ፊታቸው ሊጠቁር የደረሰ ሰዎች አጠገቡ እንዳሉ ነግሮት «አሁን እንደገና መተንፈስ ጀምረናል፤ በጣም እናመሰግናለን» አለ። ለታሪክ ተብሎ ያልተዘጋጀ፣ ከጭንቅ የወጣ ሰው ንግግር ነው።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የጋርማንንና የቤልስን ስም እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ